የማይታሽ እግር

ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ፣ ልጠይቀው እያልኩ እግሬ ሲለግም ሰነበተ። ያን ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ ከእህቱ ጋር ባንገጣጠም ኖሮ እስካሁንም ባልጠየቅኩት ነበር።

እህቱ ሰፈርተኛው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። እጃቸው ብርቱ ነው። ወገቡን የያዘው፣ አንገቱ የተጣመመበት ሁሉ የዳቦ ቤታቸውን የኋላ በር ያንኳኳል። ያን ቀን በአንድ እጃቸው ሞቅ ያለ ዘይት በጠርሙስ፣ በሌላው ፎጣ ይዘዋል።

«መምህር፣ ደግ አገኘሁህ» አሉኝ። «አንተ ወንድሜን በወሬ ትይዝልኛለህ፣ እኔ እግሩን አሻለሁ። ትናንት ጀምሬው እንደ ሕፃን ሲነጫነጭ አስተወኝ።»

«የታመመው ሳንባውን አልነበረም እንዴ?»

«ኢንፍሉዌንዛ ነው ያሉት። ጉንፋን ነው ብሎ ሲንቀው ሊወስደው ነበር። እሱስ አለፈለት። ግን ተኝቶ ተኝቶ ባቱ ደነደነ። ያልታሸ ሊጥ ሌላ ምን ይሆናል?»

ገባን። በሽተኛው መስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ላይ ተጋድሟል። የግራ እግሩ ካልሲ ላልቶ ወርዷል፤ የቀኙ ግን ሥጋው ውስጥ ሰርጉዶ ገብቷል።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብኝ» አለ።

«ዝም በል። ከተወለድክ ጀምሮ ያሸሁህ እኔ ነኝ።»

ፎጣውን አነጠፉ፤ ዘይቱን መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ። በዚህ መሐል የበሽተኛው ልጅ ገባች። ሆስፒታል ውስጥ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። እግሩን አየች። ሰላም ሳትለን ሄዳ የአክስቷን የእጅ አንጓ ያዘች።

«አክስቴ፣ እጅዎን ያንሱ።»

ከአክስቷ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ልጅ ናት። ሁላችንም ክው አልን።

«እጄን?» አሉ እትዬ። «ሆድሽን ሲነፋሽ ያሸሽ እኮ ይኸው እጅ ነው።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም ያንሱልኝ። አባዬ፣ ይሄ መቼ አበጠ? ለምን አልነገርከኝም?»

«ላንቺ ብነግርሽ ሆስፒታል ትመልሺኛለሽ። እትዬ ግን ዘይት ነው የምታመጣው።»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንተ ፍረድ። ያመመ ነገር ይታሻል። ስንቱ ነው ከእጄ ድኖ የሄደው?»

እውነቱን ልናገርና በልቤ የፈረድኩት ለእሳቸው ነበር። የደነደነ እግር ቢታሽ ምን ክፋት አለው?

«የተሸማቀቀ ጡንቻ ቢሆንማ ዘይቱን እኔ ባቀበልኩዎት» አለች ልጅቱ። «ግን ያበጠው አንዱ እግር ብቻ ነው፤ ያቃጥላል፤ ቀልቷል። ከባድ ቫይረስ ሲገባ ሰውነት ለመዋጋት ደም የሚያረጉ ነገሮችን ያበዛል። የደም ሥሩ ውስጠኛ ግድግዳም ይጎዳል። በዚያ ላይ በሽተኛው ሳይንቀሳቀስ ሲተኛ ደሙ እግሩ ላይ ይዘገያል። ያኔ እዚያው ይረጋል።»

«ደም የሚረጋው ሰው ሲቆስል ነው። ይሄ የት ቆሰለ? የታመመው ሳንባው፤ እግሩን ምን አገባው?»

«ደሙ አንድ ነው፣ አክስቴ። ሳንባውን የሚያዳርሰው ነው ተመልሶ እግሩን የሚያዳርሰው።»

«እሺ፣ ረግቷል እንበል። አሽቼ አፈርሰዋለኋ።»

«ሲፈርስ ወዴት የሚሄድ ይመስልዎታል?»

ልጅቱ ጣቷን ሳታስነካ ከአባቷ ባት ወደ ጭኑ፣ ከጭኑ ወደ ሆዱ፣ ከሆዱ ወደ ደረቱ አሻግራ፣ ሳንባው ላይ ስትደርስ አቆመች።

«ትናንት አሽቼዋለሁ» አሉ እትዬ። ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ትናንት ማታ ጎኔን ወጋኝ» አለ በሽተኛው ቀስ ብሎ። «መጸዳጃ ቤት ደርሼ ስመለስም ትንፋሽ አጠረኝ። የጉንፋኑ ርዝራዥ መስሎኝ ነው ያልተናገርኩት።»

ጠርሙሱ ተጋድሞ ዘይቱ ፎጣውን ሲያርሰው ያነሳው ሰው አልነበረም። እኔና አንድ ባለታክሲ በወንበር ተሸክመን አወረድነው።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ደረቱንም እግሩንም እንዲታይ አዘዘ። ልጅቱ እኔንና አክስቷን ወደ አልትራሳውንዱ ማያ አስጠጋችን፤ መጀመሪያ መሣሪያውን ጤነኛው እግር ላይ አሳረፈች።

«ይህ ጥቁር ክብ ደም ሥር ነው። ስጫነው ይመልከቱ።»

ክቡ እንደ ዓይን ተጨፈነ፤ ስትለቀው ተገለጠ። መሣሪያውን ወደ ቀኙ እግር አዛወረችና ተጫነች። ክቡ እንዳፈጠጠ ቀረ።

«አንቺም እኮ እየተጫንሽ ነው» አሉ እትዬ፤ የመጨረሻ ክርክራቸው ነበረች።

«እኔ በስሱ የምጫነው ለመጠየቅ ነው። ለመግፋት አይደለም። ሲጫኑት አልከደን ያለ ደም ሥር ውስጡ የረጋ ነገር አለ ማለት ነው።»

እትዬ ወደ ማያው ተጠጉ። «ትናንት ጣቴ ደንዳናውን አግኝቶት ነበር» አሉ። «አገኘሁት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

የደረቱ ምርመራ ሳንባው ውስጥ ትንሽ የረጋ ደም አሳየ። በጊዜ ተደርሶበታል አሉን። እትዬ የወንድማቸውን ልጅ ኮሪደር ላይ ይዘው ጠየቋት። «ወደ ሳንባው የላክሁት እኔ ነኝ?»

«ያለ ማንም እጅ ሊሄድ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም እንዲያ ነው የሚሄደው። የእርስዎ ይሁን አይሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ዛሬ ግን እግሩ ላይ የቀረውን አልነኩትም።»

ልታጽናናቸው ብላ አለመዋሸቷ ገረመኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው እትዬ ሙሉ በሙሉ የሰሟት። ወንድማቸው የተወጋው መርፌ የረጋውን ያሟሟው እንደሆነ ጠየቁ። እንዳይጨምር እንደሚያግደው፣ የረጋውን ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ እንደሚያሟሟው፣ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥም ሆነ ከሌላ ማስታገሻ ጋር ማደባለቅ አደጋ እንዳለው ነገረቻቸው። ሐኪሙ ሲፈቅድም በሽተኛው ተነስቶ መራመድ አለበት፤ ረጅም ተኝቶ መክረም ለደም ደግ አይደለም።

አሁን ከጣሪያዬ በላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን እርምጃ እሰማለሁ፤ ከጎኑ የእትዬ ነጠላ ጫማ ይንሿሿል። እየተራመደ ሥራውን ይናፍቃል።

ባለፈው ዳቦ ልገዛ ስገባ አንድ ሾፌር ሱሪውን ሰብስቦ ባቱን ያሳያቸው ነበር። እትዬ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረዋል።

«ሰሞኑን ትኩሳት ጥሎህ ነበር?»

«ክፉኛ፤ ገና መነሳቴ ነው።»

«ያበጠው አንዱ ነው ሁለቱም?»

«አንዱ።»

«አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂድ። ትንፋሽ ካጠረህ፣ ደረትህን ከወጋህ ወይ ደም ካሳለህ ደግሞ መኪናህን አትንዳ፤ ሰው ይውሰድህ። በጊዜ የደረሰ በመድኃኒት ይድናል፤ ወንድሜን ቤቱ ውስጥ ሲራመድ ታገኘዋለህ። እንደኔ ያለ እጅ የደረሰበት ግን ምን እንደሚሆን አይታወቅም።»

«እትዬ፣ ትንሽ እንኳ ነካ ቢያደርጉኝ?»

«ያልነካሁህ ስለማዝንልህ ነው። ሂድ።»

ሾፌሩ ወጣ። እትዬ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሊጡ ውስጥ ከተቱ፤ ሳያሹ፣ ሳያንቀሳቅሱ እንደያዙት ሾፌሩ ወደ ሐኪም ቤቱ መታጠፉን በበሩ አዩ።