ትርንጎ ወዴት ተዛወረች?

ክቡር ኃላፊያችን አቶ ምንይችል፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ስለ ጡረታ ድግሱም ስለ ሸለማችሁኝ ሰዓትም እግዜር ይስጥልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሰዓቱ ስገባና ስወጣ ኖሬ፣ የምቸኩልበት ሲጠፋ ሰዓት መስጠታችሁ ምነው? ብቻ ሸጋ ነው፤ ያምራል።

እኔ ሸዋገነት የዞናችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ዜሮ ማምረት ነበር። “መጠነ ማቋረጥ ዜሮ” ተብለን ዋንጫ የተሸለምነው በማን ጽሑፍ ነው? በእኔ። ትምህርቱን የተወውን ልጅ ሁሉ “ተዛውሯል” እያልን ጻፍን። ችግር ቢጠና፣ ተኩስ ቢሰማ፣ ልጅቱ ብትዳር፣ የእኛ ተማሪ ይዛወራል እንጂ አያቋርጥም! ወዴት ብሎ የጠየቀን አለቃ ግን አላየሁም።

አምና መመሪያ መጣ። ያቋረጡ የድሃ ልጆች ይመለሱ፤ ደብተርና ምሳ ይሰጣቸው ይላል። እኛስ ምን ብለን መለስን? “ያቋረጠ ተማሪ የለንም።”

“እውነቱን እንጻፍ” ብል፣ አቶ ምንይችል “እትዬ ሸዋገነት፣ ዋንጫውን ሊያስነጥቁን ነው እንዴ?” አሉኝ። ፈርሜ ላክሁት። አፍሬ ነበር፤ ግን ላክሁት።

አሁን ለስላሳ የምታድለዋን ልጅ እዩልኝ። ታሪኳን እንድነግራችሁ አስፈቅጃታለሁ። ትርንጎ ዋኘው ትባላለች። አባቷ ሲሞቱ ስምንተኛ ክፍልን ትታ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ አውቶብስ ተሳፍራ ሥራ ፍለጋ ጎንደር ገባች። ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጣች።

“እትዬ፣ ትምህርት ቤቴ ሄጄ ልመለስ ብል ተዛውረሻል አሉኝ። ወዴት እንደተዛወርሁ ይነግሩኛል?”

መዝገቡን ገለጥሁት። የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው። ምን ልበላት?

ምነው ሳቁ ቆመ? ቅድም በዋንጫው ስትስቁ ነበር።

አቶ ምንይችል፣ ሰዓቱን መልሼልዎታለሁ። በምትኩ ይችን ወረቀት ይፈርሙልኝ። “ትርንጎ ዋኘው ትምህርቷን አቋርጣለች፤ በመመሪያው መሠረት ትመለስ” ትላለች። እኔ ፈርሜያለሁ፤ ያለ እርስዎ ፊርማና ማኅተም ግን ዋጋ የላትም። ዋንጫው ይሄድ ይሆናል። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል።

ባልደረቦቼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። እናንተንም እንደ እኔ ሳታፍሩ ለጡረታ ያድርሳችሁ።

ትርንጎ፣ ጠርሙሱን አስቀምጭውና ነይ ልጄ። እስክሪብቶውን ለአቶ ምንይችል ስጫቸው።