ከአረሙ በኋላ የተዘራ ማሽላ

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ጋሽ አሞጽ የማሽላ ዘር ተሸክመው ከዋጫ ከተማ በታች ወዳለው ቆላ ማሳቸው ሲጣደፉ የቀበሌዋን የግብርና ባለሙያ ዕፀገነትን መንገድ ላይ አገኟት። በመንደራቸው፣ ዝናብ ጥሎ ማሳው ያልተዘራ ገበሬ ሰነፍ ይባላል። እሳቸው ሰነፍ ተብለው አያውቁም፤ ስለዚህ ሰላምታውንም እየሄዱ ሊጨርሱት ፈለጉ።

«ምነው ጋሽ አሞጽ፣ እንዲህ ሩጫ?»

«ልዘራ ነዋ ልጄ! ሠርግ የምሄድ መሰለሽ?»

«እባክዎ ትንሽ ይታገሡ።»

ሽማግሌው ቆሙ፤ ዘሩን ግን ከትከሻቸው አላወረዱም።

«ዝናብ ሲጥል አትዝራ የሚለውን የት ተማርሽው?»

«ይህን ዝናብ የሚጠብቀው የእርስዎ ማሽላ ብቻ አይደለም። ሙጃውም መጩም፣ አረሙ ሁሉ፣ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይኸንኑ ሲጠብቅ ነበር። እሱ ይቅደም፤ ይብቀል። ከዚያ በሬ ይጥመዱና ይገልብጡት፤ ፀሐይ ያድርቀው። በሚቀጥለው ዝናብ ይዘራሉ።»

«የሚቀጥለው ዝናብ ቢቀርስ? ያንቺ ደመወዝ እንደሆነ ዘነበ አልዘነበ አይቀርም!»

ዕፀገነት ንዴቷን ዋጠችው።

«ልክ ነዎት፣ እኔ አልራብም። ስለዚህ ላይኛውን ግማሽ ዛሬ እንደ ልማድዎ ይዝሩት። ታችኛውን ይተዉልኝ። እሱንም ሲዘሩት አይበትኑት፤ በገመድ መስመር አስይዘው፣ መስመሩን ቀረብ ቀረብ ያድርጉት።»

«ተጨናንቆ ሊቀጭጭ?»

«ልኩን አብረን እንወስናለን። ብቻ ቅጠሉ ቶሎ ይገናኝና መሬቱን ያጥላ። ዐውድማዎ ዳር ፈሶ ተጠጋግቶ የሚበቅለው ማሽላ ሥር አረም አይተው ያውቃሉ?»

አይተው አያውቁም። ይህን አፍ አውጥተው ማመን ግን አቃታቸው።

«አረም ድሮም ነበር። እናርማለን!»

«ማነው የሚያርመው?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ይመኙሻል አይደለችም? አምና እኩዮቿ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቀመጡ ልጅዎ የት ነበረች? እርስዎ በአንድ ጠዋት በትነው ገቡ፤ እሷ ጎንበስ እንዳለች ትምህርቱ አለፋት። ዘንድሮም ይደገም?»

ጋሽ አሞጽ «በቤቴ ምን አገባሽ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን ልጃቸው በፈተናው ዕለት፣ ጓደኞቿ በመንገድ ሲያልፉ እንዳያዩአት ማሽላው ውስጥ ቁጭ ማለቷ ትዝ አላቸው።

ዘሩን ከትከሻቸው አወረዱ።

«የምተውልሽ ታችኛውን ግማሽ ብቻ ነው» አሉ፤ ላይኛውን ያንኑ ዕለት በትነው ዘሩት።

ከዝናብ ጋር የሚሽቀዳደም ሁሉ ትጉህ ይባላል። በማን ጉልበት ነው የሚተጋው? ይህን የሚጠይቅ የለም! በቤት ውስጥ ያለች ልጅ ጉልበት ዋጋ የሌለው ይመስል፣ ልማዱ ሲወደስ ይኖራል።

ጥበቃው ሽማግሌውን እንቅልፍ ነሳቸው። እየወጡ ሰማዩን ያያሉ፤ ይገባሉ፤ ደግሞ ይወጣሉ። ጎረቤታቸው ደጉ በአጥሩ በኩል ብቅ እያለ «ጋሽ አሞጽ፣ ዘንድሮ ሙጃ ነው የዘሩት?» ይላቸዋል። በታችኛው ማሳ የበቀለውን አረም በማረሻ ገለበጡት። ደረቀ። ዝናቡ ግን ቆየ፤ ዕፀገነትንም በልባቸው ስንት ጊዜ ረገሟት። በመጨረሻ ዳመናው መጣ፤ በገመድ ዘሩ።

ግንቦት ላይ በላይኛው ማሳ ማሽላው ከሙጃው አልለይ አለ። በታችኛው ቅጠል ከቅጠል ተገናኝቶ ሥሩ ጨልሟል፤ አረም የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። መሬት ያገኘውን እርጥበትና ብርሃን ማሽላው ቀድሞ ወስዶታል።

ይመኙሻል እንደ ልማዷ መኮትኮቻውን አነሳች።

«አስቀምጪው» አሏት።

«ላይኛውስ አባባ? አረም በልቶታል እኮ!»

«እሱን የበተንኩት እኔ ነኝ፤ እኔው አርመዋለሁ። አንቺ ደብተርሽን ያዢና ሂጂ።»

እሷ ስትሄድ ደጉ የማሳውን አጥር ተደግፎ ታችኛውን ማሳ ያይ ነበር። ዛሬ አልቀለደም።

«ጋሽ አሞጽ» አለ፣ «ያንን ገመድ ለከርሞ ያውሱኛል?»

«አውስሃለሁ» አሉ ጋሽ አሞጽ፣ ላይኛው ማሳ ውስጥ ለአረም እየተንበረከኩ። «መጀመሪያ ግን ና፣ ወገብህን እዚህ ሞክረው።»