ቤቱን ያስጎበኘችኝ ሴትዮ

በኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ ቤት እንደ መቂ ሽንኩርት በደላላ አይሸጥም ነበር፣ ወይ ከአባትህ ትወርሳለህ ወይ ጭቃህን አቡክተህ ትሠራለህ፣ አለቀ። ታዲያ እኔ በዚህ እድሜዬ፣ ጥርሴ ከረገፈ በኋላ፣ ቤት ገዢ ሆንኩ። ትሰሚያለሽ ፎዚያ? አንቺ ያን ጊዜ ጅማ ትምህርት ላይ ነበርሽ፣ አባትሽ በስልክ የነገረሽ ግማሹን ነው። የቀረውን እኔ ልንገርሽ፣ ጓደኞችሽም ይስሙ።

አያትሽ፣ አላህ ይማረውና፣ ሲሞት የተወልኝ አንድ አይሱዙ መኪና ነበር። እሱ ተሸጠና አባትሽ ጀማል ቤት ሲፈልግ፣ ሲፈልግ፣ ሲፈልግ ሰንብቶ ይሄንን፣ አሁን የተቀመጥንበትን አገኘ። ሻጮቹ ወንድምና እህት ናቸው። ወንድምየው ዳንኤል፣ እህቱ ሰላም፤ እናታቸው ሞታባቸው ነው የሚሸጡት። ተስማማን፣ ቀብድ ተሰጠ፣ የምንፈራረምበት ቀን ተቆረጠ። እኔ የኪራይ ቤቴን ለቅቄያለሁ፣ አከራዬ ሌላ ሰው ተቀብላ እቃዬ በማዳበሪያ ታስሮ በረንዳ ላይ ተቆልሏል። ልብ በሉልኝ፣ መመለሻ የለኝም።

ታዲያ ልንፈራረም አንድ ቀን ሲቀረን «እስቲ ደግሞ ብቻዬን ልየው» ብዬ መጣሁ። ቀትር ነው። የአዳማን ቀትር ታውቁታላችሁ፣ ያ ነፋስ ቀጥ ያለ ቀን ውሻ እንኳ አይጮህም፣ ባጃጁም ጥላ ፈልጎ ይቆማል። በሩ ገርበብ ብሏል። «ቤቶች!» አልኩ። ማንም የለም። ገባሁ። እና ባዶው ሳሎን መሃል አንዲት ሴትዮ ቆማለች።

በኔ እድሜ ናት፣ ቀጭን፣ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች፣ አንገቷን የተነቀሰች። «ደህና ዋሉ» አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግቢ፣ ቤቱን ልታዪ ነው አይደል?» አለችኝ። ድምጿ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ቀስስ ያለ፣ ከሌላ ክፍል የሚመጣ የሚመስል።

«አዎ። እርስዎስ ማን ነዎት?»

«ፀሐይ ነኝ። የቤቱ ባለቤት።»

ዘመድ ትሆናለች ብዬ ተከተልኳት። እና እያዞረች ታሳየኛለች። «ይሄ በር ክረምት ላይ ያብጣል፣ በትከሻሽ ግፊው። እዚህ ጥግ ግን እንዳትተኚ፣ ከሥር መሬቱ ይተነፍሳል።»

«ይተነፍሳል?»

«እጅሽን አስጠጊ።»

ወለሉ ላይ ስንጥቅ አለ፣ ጎንበስ ብዬ እጄን አስጠጋሁ። ወላሂ፣ ሙቅ አየር ወጥቶ መዳፌን ነካኝ! የኛ አገር ከሥሩ እሳት ነው ይሉ የለ፣ እሱ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ጸጉሬ ነው የቆመው። ቀና ስል ሴትዮዋ የለችም። በር ሲዘጋ አልሰማሁም፣ ኮቴ አልሰማሁም። «እትዬ ፀሐይ!» ብዬ እየተጣራሁ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ታዲያ ውል የሚጸድቅበት ቢሮ ተገናኘን፣ ወረፋ እየጠበቅን ነው። እኔ ጨዋታ ላምጣ ብዬ «ትላንት እትዬ ፀሐይ ቤቱን በደንብ አስጎበኙኝ፣ አመስግኑልኝ» አልኩ።

«ማን?» አለ ዳንኤል።

«ፀሐይ። ባለ አረንጓዴ ቀሚሷ።»

ሰላም ግድግዳውን ያዘች። ዳንኤል ፊቱ አመድ መሰለ። «እማማ፣ እንዲህ አይቀለድም። ፀሐይ እናታችን ናት። በዚህ እጄ ነው አፈር ያለበስኳት።»

ደላላው ግርማ ጭንቅላቱን ይዞ «ኧረ እማማ! ሊፈረም ሲል ጂን ይዘው ይመጡብኛል? ዋጋ ለማስቀነስ ነው እንዴ?» ይላል። ጀማል ደግሞ ጎኔን እየነካ «እማ፣ ፀሐይ መትቶሽ ይሆናል» ይለኛል። አዎና፣ ፀሐይ መታችኝ!

ሰላም ግን አልሳቀችም። «አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት?» አለችኝ።

«አላት። እስከ አገጯ።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እንደዚያ የተነቀሱት እማዬና አክስቴ ሙሉ ናቸው፣ መንትዮች ናቸው። ሙሉ ግን አርሲ ነገሌ ናት።»

«እኔው ነኝ ከሐዘኑ በኋላ ሚኒባስ ላይ ያሳፈርኳት» አለ ዳንኤል።

«እስቲ ደውል» አለው ጀማል።

ደወለ፣ ድምፁንም ሁላችንም እንድንሰማው ከፍ አደረገው። ያነሳው ነገሌ ያለ የአጎታቸው ልጅ ነው። «ሙሉ? እዚህ የለችም እኮ። ሳምንት ሳትቆይ ነው ወደ እናንተ የተመለሰችው። እናንተ ጋ ናት ብለን ነው ዝም ያልነው!»

ወረፋችን ደርሶ ሲጠሩን እንኳ የሚንቀሳቀስ ጠፋ። እዚያ ያሉት እዚህ ናት ብለው፣ እዚህ ያሉት እዚያ ናት ብለው፣ ሰው መሃል መንገድ ላይ ጠፋ። ከዚህ የባሰ ጂን አለ?

ፊርማውን ትተን ወደዚህ መጣን። ግርማ «እኔ አልገባም» ብሎ ባጃጁ ውስጥ ቀረ። ዳንኤል በቁልፉ ከፈተ። ሳሎኑ ባዶ፣ ጓዳው ባዶ። እኔ «አዑዙ ቢላሂ» እያልኩ ከኋላ ነኝ። ወደ ጓሮ ስንወጣ ከዚያች ሰርቪስ ክፍል፣ ያቻትና፣ ድምፅ ሰማን። ሁለት ሴቶች ናቸው የሚያወሩት። ስሙኝ፣ ሁለት!

«ምሳ በላሽ?» ትላለች አንዷ፣ ወፈር ባለ ድምፅ።

«አንቺ ሳትበዪ?» ትላለች ሌላዋ፣ በዚያ በቀሰስተኛው።

ሰላም ክንዴን ጨመቀችኝ። «ወፍራሙ ድምፅ የእማዬ ነው» አለችኝ። የጣቶቿ ምልክት ሳምንት ሙሉ ክንዴ ላይ ነበር። ዳንኤል በሩን ገፋው። እና ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ተቀምጣለች። ያቺው ባለ አረንጓዴ ቀሚስ። ከፊቷ ሁለት ሳህን።

«አክስቴ ሙሉ!» አለ ዳንኤል።

እንዳዘነችለት ሆና አየችው። «ሙሉማ ሞተች እኮ፣ ልጄ። አንተ አይደለህ አፈር ያለበስካት?»

አላህ ያሳያችሁ፣ የሞተችው ሌላ፣ ያለችው ሌላ፤ እሷ ግን ራሷን ቀብራ እህቷን ይዛ ቀርታለች። ዳንኤል እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ይሄኔ ጎረቤታችን ጫልቱ በአጥር ብቅ አለች። «አካም ጂርቱ! ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» ስንነግራት ደረቷን መታች። «ዋቃዮ! ምግብ በአጥር የማቀብላት እኔ አይደለሁ? እናንተ ያስቀመጣችኋት መስሎኝ! የእህቷ ቁልፍ አላት፣ በጓሮ በር ነው የምትገባው። ሰው ሲመጣ ትደበቃለች።»

ጀማል ታዲያ «እማ፣ ቀብዳችንን እንቀበልና ሌላ ቤት እንፈልግ» አለኝ። ወዴት ልሂድ? እቃዬ በረንዳ ላይ ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያቺ ሴትዮ ያን ሁሉ ጉድ ያሳየችኝ እንዳልጎዳ ብላ ነው፤ የትኛው ሻጭ ነው የቤቱን ነውር የሚናገር? «እገዛለሁ» አልኩ። ሰላም አክስቷን ዱከም ወሰደቻት፣ ሰላም እዚያ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። እኛም ተፈራረምንና ገባሁ።

ገና እቃዬን ፈትቼ ሳልጨርስ፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ የጓሮው በር ሲጢጥ አለ። መጥረጊያ ይዛ ቆማለች። «ፍራሹን ከዚያ ጥግ አንሺው ብዬሽ አልነበር?» አለችኝ። ከዱከም ብቻዋን፣ በሚኒባስ! ሰላም እያለቀሰች ተከትላ ደረሰች። ሥራ ስትገባ ቆልፋባት ሄዳ፣ ጎረቤት ሰብሮ አውጥቷት ነው። ልትወስዳት እጇን ስትይዛት ሴትዮዋ የበሩን መቃን አቅፋ አልላቀቅም አለች። እኔ ማየት አቃተኝ። «ተያት ልጄ» አልኳት፣ «ሰርቪሱ ይበቃታል። አንቺ ግን እሁድ እሁድ ነይ፣ ወንድምሽም ይምጣ። ደግሞ እዚያ ናት፣ እዚህ ናት እንዳትባል።» ይኸው ይመጣሉ።

አልፈራሽም ወይ ትሉኛላችሁ። ፈርቻለሁ እንጂ! ቀትር ላይ ሁለት ሆነው ማውራት ሲጀምሩ ስንት ጊዜ ቁርኣን ቀርቻለሁ። በኋላ ግን ጆሮዬን አስጠግቼ ብሰማ የሚያሙት እኔን ነው! «ይቺ እስላሟ ደግ ሴት ናት» ትላለች አንዷ፤ «ወጥ ላይ ግን ጨው ታበዛለች» ትላለች ሌላዋ። ሃሃሃ!

«እማማ፣ ጨው ታበዛለች ያለችው የትኛዋ ናት?» አለች ፎዚያ።

«የሞተችዋ ናታ!»