እጃቸው ላይ ተቀምጠው የጠበቁት እኅታችን

እግዚአብሔር የሰጠንን እኅት ለእርሱ ልንመልስ ከእኛ ጋር የተሰበሰባችሁ ወገኖች ሆይ፣ ሕይወታቸውን ታላቅ ወንድማቸው ባጭሩ እንዲህ ጽፎታል።

እኅታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው ተወልደው፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ «ለምን?» ከአፋቸው ስለማይጠፋ አክስታቸው «መርማሪዋ» ብለው ስም አወጡላቸው፤ በዚያው ጸና። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ አባታቸውን ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን መታቸው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በእግዚአብሔር ቸርነት እያሠራ እያራመደ ስላቆማቸው፣ እኅታችንም ይህንኑ ሙያ ሊማሩ ቆርጠው ተነሡ።

ነገር ግን አባታቸው በየጠዋቱ በእግራቸው ሱቃቸው ድረስ ሄደው፣ የስፌት መኪናቸውን ዳሰስ አድርገው፣ እጃቸው መርፌ ስለማይዝላቸው ሳይቀመጡ ይመለሱ ነበር። እግሩስ አደረሳቸው፤ ከደረሱ በኋላስ ምን ይሥሩ? ይህ ጥያቄ እኅታችንን ዕረፍት ነሥቷቸው ጠይቀው ሲያጠያይቁ፣ የታመመ ሰው ልብሱን መልበስ፣ ማንኪያውን መያዝ፣ ወደ ሥራው መመለስ እንዲችል የሚያለማምድ ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባል ሌላ ሙያ መኖሩን ደረሱበት። ልባቸውም ለሁለት ተከፈለ። አክስታቸውማ «ሸሚዝ መቆለፍ ለማስተማር ደግሞ ኮሌጅ ይገባል? እኔ ስንቱን ልጅ ያለ ዲፕሎማ አስተማርኩ» ብለው ቤቱን በሣቅ ሞሉት።

ምዝገባው ሊዘጋ ሲል አንድ ማለዳ፣ ቤተሰቡ እንደ ልማዱ የአባትን ሸሚዝ ሊቆልፍ ሲሻማ፣ እኅታችን አባታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞራቸውን አዩ። ሁሉን ገለል አድርገው፣ የገዛ እጃቸው እንዳይቸኩልባቸው ላዩ ላይ ተቀምጠውበት ጠበቁ። ሻዩ ቀዘቀዘ። አባት አንዲቱን ቁልፍ፣ ያውም በማይሆን ቀዳዳ፣ አስገቡና ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ። እኅታችንም ያን ዕለት ለኦኩፔሽናል ቴራፒ ተመዘገቡ።

ተመርቀው በሆስፒታል ሲያገለግሉ፣ በጎን ባለው ክፍል የሚሠሩትን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አግብተው፣ «የማን ሙያ ይበልጣል» እየተባባሉ በፍቅር ኖረዋል። ባለቤታቸው በሽተኛውን ከአልጋ እስከ ጠረጴዛ ያደርሳሉ፤ እርሳቸው ከጠረጴዛው ይቀበላሉ። በሽተኛው ከቁልፉ ጋር ሲታገልም፣ እኅታችን እጃቸው ላይ ተቀምጠው በልባቸው ይጸልያሉ። ይህን ያየ ሁሉ ይገረም ነበር።

በኋላ የነርቭ ሕመም የራሳቸውን ጣቶች አደከመ። ልጃቸው ሹራባቸውን ልትቆልፍላቸው ጎንበስ ስትል፣ «እጅሽ ላይ ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ» ይሏት ነበር፤ እርሷም እንባዋን ዋጥ አድርጋ ትቀመጣለች። ዛሬ ጠዋት ያንኑ ሹራብ ልጃቸው ቆለፈችላቸው፤ ተቀመጪ ያላት የለም።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውንና ዛሬ በገዛ እጃቸው ለብሰው የመጡ ብዙ ሰዎችን ትተው አልፈዋል። ሰውን ሳይቸኩሉ እንደ ጠበቁ፣ የሁላችን ጠባቂ የሆነው ጌታ ነፍሳቸውን በደጁ ቆሞ ይቀበል፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።