አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው በሽተኛ

ከሳሁ ብዬ ደስ ሲለኝ ሰፈሬ ሊቀብረኝ ተነሳ! የምኖረው መሪ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ድሮ ቤቴ እስክደርስ በየፎቁ ቆሜ ማረፍ ነበረብኝ። በኋላ ሐኪሜ ለውፍረቴ በሳምንት አንዴ ሆዴ ላይ የምወጋው መርፌ አዘዘልኝ። ቶሎ መጥገብ ጀመርኩ፤ ሰውነቴ ሲቀለኝ ደግሞ በየቅዳሜው እንጦጦን በእግሬ መውጣት ለመድኩ። ታዲያ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ አንድ ቀን ውሃ ሊቀዱ ፍሪጄን ሲከፍቱ መርፌውን አይተው ኖሯል። "ስኳር ይዟት ነው ለካ እንዲህ የመነመነችው!" ብለው ለዕድሩ ሴቶች በሙሉ አዳረሱት። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ያገኘኝ ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ "አይዞሽ፣ እግዜር ይማርሽ" ይለኝ ጀመር።

ባለፈው ቅዳሜ እንጦጦ ራጉኤልን ተሳልሜ ስመለስ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አምስት የዕድራችን ሴቶች ብርቱካንና ሙዝ ይዘው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ያለከልካሉ።

"ምነው፣ ወዴት ናችሁ?" አልኳቸው።

"አንቺን ልንጠይቅ ነዋ!" አሉ እትዬ አስካለ ደረታቸውን ይዘው። "ቆይ... ከአልጋሽ ማን አስነሳሽ?"

"ማን አስተኝቶኝ!"

ፌስታሎቹን ከእጃቸው ተቀብዬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። ቤቴን ከፍቼ ፍራፍሬውን አስቀመጥኩና ተመልሼ ወረድኩ። አሁንም እዚያው ቆመዋል። እትዬ አስካለን ክንዳቸውን ደገፍ አድርጌ፣ ሰሞኑን በየደረጃው ስባል የሰነበትኩትን መለስኩላቸው፦

"አይዞዎት እትዬ፣ እግዜር ይማርዎት!"