አርባ አንድ ፎቶና አንድ ባዶ ምስማር

መስከረም 14 ቀን 1983 ዓ.ም.። መሥሪያ ቤታችን የተሰበረ ቧንቧ ፎቶ የምታነሳ ሠራተኛ ቀጠረ።

ያን ዕለት ጠዋት በር ላይ ነበርኩ። ባለ ሦስት እግር ነገር ተሸክማ መጣች። ዘበኛው፣ «ቀያሽ ነሽ?» አላት።

«አይደለሁም። የካሜራ ማቆሚያ ነው።»

«እጅ የለሽም እንዴ?»

«አለኝ። ይንቀጠቀጣል።»

ወደ እኔ ዞሮ፣ «እጇ የሚንቀጠቀጥ ፎቶ አንሺ ቀጠሩ፤ ነገ ደግሞ ውሃ የሚፈራ ቧንቧ ሠራተኛ ያመጣሉ» አለ።

ይኸው ዛሬ በጡረታ ልንሸኛት ተሰብስበናል። ነገ በአራት ሰዓት በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የዚህች ሴት የመጀመሪያ ኤግዚቢሽን ይከፈታል። በስድሳ ዓመቷ። አርባ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። አርባ ሁለተኛው ምስማር ባዶውን ነው። የዚያ ፎቶ ኔጋቲቭ ታች መዝገብ ቤት፣ የእኔ መደርደሪያ ላይ ተቆልፎበታል፤ ያለ ሥራ አስኪያጁ ፊርማ አይወጣም። ማመልከቻው እርሳቸው ፊት ነው። እርሳቸው ያንብቡ፣ እኛ እንጫወት።

ሰው የማያየውን የማንሳት አመል የጀመራት እኛ ጋ አይደለም። ታላቅ እህቷ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ካጣመምኩ ያቃኑኝ። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ደንበኛ ረስቶት በሄደ ካሜራ የሰው ማጅራት ታነሳ ጀመር። ፊት የለም፣ ማጅራት ብቻ። አንዱ ሰውዬ፣ «ፊቴ የታለ?» ቢሏት፣ «ፊትዎንማ በመስተዋት ያዩታል፤ ማጅራትዎን አይተውት ያውቃሉ?» አለቻቸው። አባት ሳቃቸውን ለመደበቅ ፎጣ ማራገፍ ያዙ።

እኛ ጋም ያው ናት። መሐንዲሱ የመጀመሪያ ሥራዋን አገላብጦ፣ «ቧንቧው የታለ?» አላት።

«ከኩሬው ሥር።»

«ይሄ እኮ የቤት ጣሪያ ነው።»

«ኩሬው ላይ የታየው ነዋ።»

ከዚያ ወዲያ የቧንቧ ሠራተኞቹ «ኩሬ» ብለው ጠሯት። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ስብራቱ መጠኑ እንዲታይ፣ ማስመሪያ አስደግፋ ታነሳለች፣ ለራሷ ደግሞ በራሷ ፊልም ያለ ማስመሪያ። የመሥሪያ ቤቱ በቡናማ ፖስታ፣ የራሷ በነጭ።

የሁለተኛውን ፎቅ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ታስታውሱ የለ? በብርድ ልብስ አጨልማ ፊልም ታጥብበት ነበር። ሒሳብ ሹሟ በሩን ትደበድባለች፤ «ስንት ደቂቃ ቀረሽ?»

«ሰባት።»

«አንቺ ሰባት ይኖርሻል፤ እኔ ሁለትም የለኝ።»

እሺ፣ ሳቁ ይቆየን። በ1986 ስለ ቁልቁለቱ ሰፈር ለቦርድ ሪፖርት ቀረበ። የውሃ መስመሩ ከተሰበረ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ፎቶውን ያያዝኩት እኔ ነኝ። ፖስታ ተሳሳትኩ፤ ነጩን አያያዝኩ። ሲከፈት በአጥር ሥር የተሰለፉ ሃያ ስድስት ባዶ ጀሪካኖች። አንድ ሰው የለም። የቦርዱ ሰብሳቢ፣ «ሰዎቹ የታሉ?» አሉ።

እሷ፣ «ደክሟቸው ገብተዋል» አለች።

በሁለት ወር ቧንቧው ተዘረጋ። አማቴ እዚያ ሰፈር ናቸው፤ እስከ ዛሬ፣ «ያቺ ልጅ ደህና ናት?» ይሉኛል።

ልጅቷ ግን ደህና አልነበረችም። በሥራ ሰዓት ያልታዘዘ ፎቶ አንስተሻል ተብላ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። እድገቷ ሦስት ዓመት ቆመ። ኔጋቲቩም የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው ተብሎ ተወሰደ። ፖስታውን ማን ቀላቀለው ተብሎ ሲጠየቅ ዝም አልኩ። ወደ መዝገብ ቤት ከተዛወርኩ ገና ሁለት ወር ነበር፤ ባለቤቴም ነፍሰ ጡር ነበረች። ይህ ምክንያት እንጂ መልስ አይደለም።

ምን አልሽ? ጮክ በይ ይስሙሽ። «አውቃለሁ፤ ፖስታ የምታሽገው አንተ ብቻ ነበርክ» ነው የምትለው። ሰማችሁ? ሠላሳ አንድ ዓመት እያወቀች በየጠዋቱ ሰላም ስትለኝ ኖረች።

ይቅርታውን ቤትሽ መጥቼ፣ ያለ ማይክ እጠይቅሻለሁ። እዚህ ግን ላመስግንሽ። ሦስት ዓመትሽን ወስጄብሽ አንድ ቀን ፊት አልነሳሽኝም። ለዚያም ሰፈር እኛ መቶ ገጽ ጽፈን ያላመጣነውን ውሃ አንቺ በአንድ ፎቶ አመጣሽለት።

«ማህተሙስ?» ይላሉ ሥራ አስኪያጁ። ኪሴ ውስጥ ነው፣ ጌታዬ። እርስዎ ይፈርሙ ብቻ። እስክሪብቶው እምቢ አለ? የኔን ይያዙ።

ፈረሙ።

በሉ ብርጭቆ አንሡ። ዓይንሽን አይድከመው። ጉልበትሽ ዳገት አይፍራ። ጡረታሽ ሥራ የሚበዛበት ይሁን፤ ነገ አዳራሹ ጠቦን ደጅ እንሰለፍ። ለጤናሽ።

ፎቶ አጣቢው አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ አሁን አሥር ተኩል ሆኗል፤ ኔጋቲቩን ከታች አውጥቼ ልድረስበት። አንቺ ተቀመጪ፣ ድግሱ ያንቺ ነው። ሒሳብ ሹም፣ ብርጭቆዬን ያዢልኝ። በሩ ላይ የቆማችሁ፣ እስቲ አሳልፉኝ።