የድንገተኛው ጉብኝት ቀጠሮ

«ሄሎ፣ እትዬ? ደህና አደርሽ? ልጆቹስ? ትንሹን ሳሉ ለቀቀው? ... ተመስገን። እኛማ ደህና ነን። ፀሐይ ወጥታልኝ አንሶላዎቹን አጥቤ አሰጣሁ። ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ... አይ፣ ደረጃውን ቀስ እያልሽ ውጪ እንጂ። ማን ያሳድድሻል?»

የሰብአዊ መብት ቢሮው ኃላፊ ሚስት ይህን እያለች በእግሯ ወንበር ሳበችና ስልኩ አጠገብ ተደላድላ ተቀመጠች። ባሏ ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው። ነገ ወንዝ ዳር ወዳለው እስር ቤት ድንገተኛ ጉብኝት አለው፤ ለዚያ ደግሞ ዛሬ መደወል አለበት። የእስር ቤቱ አዛዥ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ስልክ አያነሳም። የኃላፊውን የእጅ ስልክ ሚስቱ ትናንት ከሱሪው ጋር አጥባዋለች። በስህተት ነው ብላለች። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የቀረው ስልክ አሁን እሷ ጆሮ ላይ ያለው ብቻ ነው።

«ማሙሽማ እዚያው ወንዝ ዳር እንደታሰረ ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለ ብለሽ። ወንድማችን እኮ ጥፋት አጥፍቷል፣ እትዬ። የአውቶቡስ መካኒክ አርፎ ብሎኑን አያጠብቅም? የፓርቲው ጸሐፊ ጋራዥ ድረስ መጥቶላቸው ሲናገር ማይኩ ጮኸ፤ ማሙሽ ሳቀ። ሌሎቹ ግን ሥርዓት ያላቸው ናቸው፤ ለማይኩ አጨበጨቡለት።

«በይ እሱን ተይው፣ ሌላ ወሬ ላውራሽ። አንድ የማውቀው ሰው አለ ... ማነው አትበይኝ፤ ሐሜት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ! ገለልተኛ ነው። ሲሾም ‹ከእንግዲህ የማንም ወገን አይደለሁም› ብሎ ማለ። ቃሉን ጠበቀ። የሚስቱ ወገን እንኳ አይደለም። ልጆቹ በአንድ ብስኩት ሲጣሉ፣ ትልቁ ነጥቆ እየበላ፣ ትንሿ እያለቀሰች፣ እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ከማባባስ ይቆጠቡ።› ብስኩቱ እኮ አለቀ፣ እትዬ! ዝናብ እላዩ ላይ እየወረደ ‹ጃንጥላ ያዝ› ብትይው ‹እየዘነበ ነው የሚል አቤቱታ ደርሶናል፣ እያጣራን ነው› ይልሻል። ታዲያ ይሄ የቢሮ ሰው ብቻ ነው? ቅዱስ አይደለም?»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። አረፋው ወደ ከንፈሩ ስለወረደ ሳይወድ ቀመሰው።

«ፓርቲ? ኧረ ምን ሲደረግ! ፓርቲ የሚባል ነገር አይነካካውም። ስብሰባቸው ላይ የሚገኘው ለወንበሩ ነው፤ ወገቡን ያመዋል፣ የነሱ ወንበር ደግሞ ይለሰልሳል። ማጨብጨቡም ለደም ዝውውሩ ነው፣ ሐኪም አዞት። ደሙ ጸሐፊው ሲናገር ብቻ የሚዘዋወረው ለምን እንደሆነ ግን ሐኪሙም አልገባውም። ባጅ እንደ ሌሎቹ ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲዞር አታዪውም። ከኮቱ ገበር ውስጥ ነው የሚሰካው። ባጎነበሰ ቁጥር መርፌው ይወጋዋል። ማጎንበሱን ተወ ብለሽ ነው? አልተወም! እንዲህ ያለ ጽናት በማን አይተሻል?»

ኃላፊው እጁን ወደ ጆሮው አስጠግቶ የመደወል ምልክት አሳያት። ሚስቱ ምልክቱን በደንብ አየችና ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጨዋነቱን ደግሞ ልንገርሽ። እናቱ ‹ሰው ቤት ሳይነገር አይኬድም› ብላ ነው ያሳደገችው። እና ድንገተኛ ጉብኝት ሲኖረው አስቀድሞ ይደውላል። ‹ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በድንገት እመጣለሁ› ይላቸዋል። እነሱም ‹እሺ ጌታዬ፣ እንደነግጣለን› ይላሉ። በማግስቱ በተባለው ሰዓት ይደርሳል፣ በተባለው ሰዓት ይደነግጣሉ። ጸሐፊውም መኪናው ውስጥ አብሮት አለ። ለምን ትያለሽ? መንገድ ሊያሳየው ነዋ! መንገዱ አንድ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ መታጠፊያ የለውም ... ግን ሰው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነው የሚጠፋው፣ አይደል?

«ባለፈው የሄደ ጊዜ ብታዪ! ግድግዳው ገና መቀባቱ ነው። ተደግፈው የቆሙት እስረኞች ሁሉ ጀርባቸው ላይ ነጭ ቀለም። እሱ ‹ዩኒፎርማቸው ያምራል› አለ። ግቢው ውስጥ የጠረጴዛ ቴኒስ ዘርግተው ሁለት ሰዎች ይጫወታሉ። ኳስ የለም። ኳስ የለም ስልሽ! ይመታሉ፣ ይመልሳሉ፣ ያልባቸዋል። እሱ እጁን አጣምሮ በትኩረት ተከታተለ። ኳሷ የታለች ብሎ ጠየቀ? እንዴት ይጠይቃል፣ የሰው ጨዋታ ማቋረጥ ነውር አይደለም? አንደኛው ሲያሸንፍ ተነስቶ ጨበጠው። ለተሸነፈውም ‹በርታ› አለው፤ ገለልተኛ ነው ብዬሽ የለ?

«ሌሎቹማ ... አፍ ያላቸው፣ እግራቸው ያበጠው፣ እነሱማ በአውቶቡስ ተጭነው ከተማውን ሲዞሩ ዋሉ፣ እሱ እስኪሄድ ድረስ። እማዬ ለማሙሽ ንጹሕ ሸሚዝ ይዛ ብትሄድ ‹ሽርሽር ሄዷል› አሏት። በዚያ ሐሩር፣ መስኮቱ ተዘግቶ። እማዬ ደግሞ የዋህ፣ ‹ኮፍያ ይዟል?› ብላ ጠየቀቻቸው።»

እዚህ ላይ ሚስትየው የስልኩን እጀታ ከአፏ አራቀች። ኃላፊው ከጀርባዋ የትከሻዋን ከፍና ዝቅ ማለት አየ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አቃተው። ሊያጣራ ወደ ፊት አንድ እግር አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«አለሁ፣ እትዬ፣ አለሁ። እና ማሙሽ ስንት ዘመን አውቶቡስ ሲጠግን ኖሮ አንድ ቀን ተደላድሎ ተሳፍሮበት አያውቅም ነበር፤ ይኸው ተሳካለት። ነገም ይሳፈራል፣ ስልክ ከተደወለ። ካልተደወለስ? ... ምንም አይፈጠርም። ያ የማውቀው ሰው ሄዶ በሩን ይከፍታል። ማሙሽ ከተቀመጠበት ቀና ብሎ ‹መጣህ?› ይለዋል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ግን አስቢው፣ እትዬ፣ ለዚያ ለ‹መጣህ?› ምን ብሎ ይመልሳል? ጭንቁ እኮ እሱ ነው። በግድግዳ ቀለም፣ በኳስ የለሽ ቴኒስ አይመለስም። እንዲያውስ መደወሉ ሳይሻል ይቀራል? አዛዡም አይደነግጥም፣ ጸሐፊውም አይቆጣም፣ ወንበሩም አይነቃነቅም ... ማሙሽ ደግሞ ወጣት ነው፣ አውቶቡስ ይችላል።»

ኃላፊው አሁን አጠገቧ ደርሷል። የአዛዡን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል፤ ጣቱ ሳያዘው አየር ላይ ጀምሮታል። አረፋው ደርቆ ጉንጩን ስቦ ይዞታል።

«ማን ነው አልሽ? አይ፣ እዚህ አንድ ሰው ስልክ ፈልጎ ቆሞ ነው። እንጃ፣ ፊቱን በደንብ አላየሁትም፤ ግማሹ አረፋ ነው። በየትኛው ግማሹ እንደሚያውቀኝ እሱም ገና አልወሰነም። እሰጠዋለሁ፣ አሁን እሰጠዋለሁ። ሰው በገዛ ቤቱ ስልክ ይከለከላል እንዴ? የመብት ነገር እኛ ቤት በደንብ ይታወቃል።

«ግን ከመዝጋቴ በፊት ያንን የማውቀውን ሰው እንመርቀው። ስንት አምቼው ሳልመርቀው ብተወው ደስ አይለኝም። አንቺ አሜን በይ። ወንበሩን ያጽናለት። ... ወገቡን ይማርለት። ... እጁ ከጭብጨባ አይቦዝን፣ ደሙ ይዘዋወር። ... ጸሐፊው እስከ መጨረሻው መንገድ ያሳየው።»

ከወንበሩ ተነሳች። የስልኩን እጀታ ከጆሮዋ ላይ አንስታ በተዘረጋው የባሏ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው፤ መስመሩን ግን አልዘጋችም። ከዚያ እህቷም እንድትሰማ ጎንበስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር በለሰለሰ ድምፅ ጨረሰች፦

«ክፉ አይንካው እንጂ፣ ዘመን ተገልብጦ አንድ ቀን እሱን ያሰሩት እንደሆነ ደግሞ፣ እግዜር ልክ እንደሱ ያለ፣ ገለልተኛ፣ ጨዋ፣ ሳይደውል የማይመጣ ጠያቂ ይላክለት። አሜን በይ፣ እትዬ።»